ሥራውና መደቡ፦ በየአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ስለሚገኝ እንጀራ የተደረገ ንግግር

የጋበዙኝ ወገኖች በየአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ለመምህራንና ለድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ስላለው የሥራ ዕድል እንድናገር አዝዘውኛል። ምናልባት የትኛው ወረዳ ስንት ሰው እንደሚቀጥር የሚዘረዝር ወረቀት ይዤ የመጣሁ የመሰለው ይኖር ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር ግን በየጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከእኔ አንደበት ይልቅ ታምኖ ስለሚገኝ፣ እኔ ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብዬ፣ ሥራው ሞልቶ በተረፈበት በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሥራ መደብ የሚጠፋው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመመርመር አስቤአለሁ።

ሥራና መደብ አንድ አይደሉምና። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ ሲውል፣ የቤተ ሙከራው ጠርሙስ አቧራ ሲለብስ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚገባው በላይ ልጆች ታጭቀው ሲማሩ፣ በዚያ ስፍራ የሚሠራ ሥራ እንዳለ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ማዕረግና ደመወዝ በመንግሥት ወይም በባለቤቱ መዝገብ ካልሰፈረ ግን ላም አለኝ በሰማይ ከማለት አይለይም። ስለዚህ ነገሬን በሦስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ፤ መጀመሪያ ስለ መምህሩ፣ ቀጥሎ ሳያስተምሩ ትምህርት ቤቱን ደግፈው ስለሚያቆሙት ሠራተኞች፣ በመጨረሻም በግል ትምህርት ቤቶች ስለሚፈረመው ውል እናገራለሁ። ሁለተኛው ክፍል ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ስለ እነዚያ ሠራተኞች በአደባባይ ሲነገር የሚሰማው አልፎ አልፎ ነውና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ስለ መምህሩ ስናነሣ የቀድሞው ዘመን ችግር ከዛሬው ጋራ ፈጽሞ ተቃራኒ እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅመናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜም የውጭ አገር መምህር እጅ አልቀረም። ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በኋላማ፣ በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ በግፍ ተገድለው ስለ ነበር፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ልጁም ጉጉቱም ኖሮ የሚያስተምር ሰው ጠፍቶ ነበር። እንግሊዞች መጡ፤ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን መጡ፤ ሕንዶች እስከ ጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ድረስ ተሠማሩ፤ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፉ ተደርጎ አብዛኞቹ በየአውራጃው መምህራን ሆኑ።

በዚያ ሁሉ ዘመን መደቡ ክፍት ሆኖ ሰውን ይጠብቅ ነበር። ጥቂት የተማረ ሰው ሁሉ ከተፈለገበት ስፍራ ሄዶ ደመወዝ ይቈረጥለት ስለ ነበር፣ ወላጅ ልጁን «ተማር፣ መምህር ብትሆን እንኳ እንጀራህን አታጣም» ብሎ ይመክር ነበር። «ብትሆን እንኳ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ መምህርነት ያኔም የመጨረሻው ምርጫ መስሎ ይታይ እንደ ነበር ትመሰክራለች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው ዕቅድ ኑሯቸውንና የወደፊት ዕድላቸውን የሚጎዳ ስለ መሰላቸው ነበር፤ ያም አድማ ከሌላው ብሶት ጋራ ተደምሮ ዘውዳዊውን መንግሥት ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ስለ መምህር እንጀራ መነጋገር ቀላል ነገር የሚመስለው ቢኖር ይህን ያስታውስ።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የመምህራን ትምህርት ኮሌጆቻችን በየዓመቱ ያስመርቃሉ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚሻው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የሚሉትን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና መጨመር ተለምዷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዲግሪው ራሱ የመውጫ ፈተና ሳይታለፍ አይገኝም። ወጣቱ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ሲወጣ መደቡ በፊተኛው ዘመን እንደ ነበረው ቆሞ አይጠብቀውም። የወላጆች ምክር የአያቶቻችን ዘመን እንደ ሆነ ቀረ፤ የልጆች ኑሮ ግን የእኛ ዘመን ሆነ።

በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ የወጣ ዕለት ቆም ብላችሁ አይታችሁ ታውቁ እንደ ሆነ እንጃ። ወረቀቱ በመደዳ የተሰመረ ነው፤ ተራ ቍጥር፣ የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ብዛት፣ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ። ወጣቶቹ ተጋፍተው አስቀድመው የሚያዩት ደመወዙን አይደለም፤ በመጨረሻው ዓምድ «0 ዓመት» የሚል እንዳለ ነው። ያ ዜሮ የተገኘ እንደ ሆነ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሡታል፤ ካልተገኘ ዘወር ይላሉ። ቀጥሎ «ዋናውንና ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ» የሚለው ትእዛዝ ይመጣል፤ የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልከፈለ ምሩቅ ግን ዋናው ዲግሪው ከዩኒቨርሲቲው ስላልተለቀቀለት ጊዜያዊውን ይዞ «ይቀበሉት ይሆን ወይ» እያለ ሲጨነቅ ይሰነብታል። ሥራ ሳይዝ ዕዳውን እንዴት ይክፈል፤ ዕዳውን ሳይከፍል ዋናውን እንዴት ያምጣ? ይህን ቋጠሮ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ጊዜያዊውን በመቀበል ይፈታዋል፤ አንዳንዱም አይፈታውም፤ ነገሩ በመዝገብ ቤቱ ሰው ጠባይ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሐተታ እንግባ። በሰሌዳው ላይ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ ደጋግመው ሲወጡ ሥዕልና ሙዚቃ፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የማይወጡት ስለ ምንድን ነው? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የፊተኞቹን ሁለቱን በስም ጠርቶ አስገብቷል፤ መጻሕፍታቸውም ታትመዋል። ልጆቹም አሉ። ምክንያቱን በቍጥር ላስረዳ። 7ኛና 8ኛ ክፍልን የሚያስተምር፣ 6 ምድብ ያለው አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስብ፤ አንድ መምህርም በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል እንበል። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ በ6 ምድብ 30 ይሆናል፤ አንድ መምህር ሙሉ ሆኖ 6 ክፍለ ጊዜ ይተርፋል። ሥዕልና ሙዚቃን የያዘው የክዋኔና የዕይታ ጥበባት ትምህርት በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ ቢኖረው ጠቅላላው 12 ነው፤ የሙያና ቴክኒክ ትምህርትም እንደዚሁ 12 ነው። 12 ክፍለ ጊዜ የግማሽ ሰው ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰው ግን አይቀጠርም።

ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ምን ያደርጋል? ክፍለ ጊዜ ያነሰውን መምህር ይፈልግና «ይቺን አሟላልን» ይለዋል። ኅብረተሰብ ሲያስተምር የኖረው ሰው ሳይወድ የሥዕል መምህር ይሆናል፤ ልጆቹን አበባ ሣሉ ብሎ እርሱ የራሱን ፈተና ያርማል። በመዝገብ ሲታይ ትምህርቱ ተሰጥቷል፤ ክፍት መደብ የለም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የጨረሰው ወጣት በየወረዳው ሰሌዳ ዞሮ ዞሮ ስሙን የሚያነሣ ወረቀት ሲያጣ፣ አገሩ ሥዕል የማትወድ ይመስለዋል። አገሩ አልበደለችውም፤ የበደለው የቍጥሩ አያያዝ ነው፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻው ሲቈጠር ትንሽ ትንሹ ፍላጎት ሁሉ ከአንድ ሰው በታች እየሆነ ይጠፋል።

መድኃኒቱ እንደ እኔ አስተያየት በእጃችን አለ። የትምህርት ቤቶች ጉድኝት የምንለው አደረጃጀት ከተጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ጎረቤት የሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንድ ማዕከል ተሰብስበው መምህሮቻቸው የሚመካከሩበት፣ መሣሪያ የሚዋዋሱበት ነው። እስከ ዛሬ ግን ጉድኝቱን የስብሰባና የሪፖርት ቤት አድርገነው ቀረን። ከላይ የቈጠርነውን ትምህርት ቤት የመሰሉ 4 ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት ቢቈጠሩ የጥበባቱ ትምህርት 48 ክፍለ ጊዜ ሆኖ ለ2 መምህራን የሞላ ሥራ ይሆናል፤ ለሙያና ቴክኒኩም እንዲሁ 2። ለልዩ ፍላጎት ባለሙያው፣ ለምክር አገልግሎቱ፣ ለቤተ ሙከራ ቴክኒሺያኑ ስሌቱ ያው ነው። ገንዘቡ ከሰማይ አይወርድም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛሬም ለነዚያ ክፍለ ጊዜያት ደመወዝ ይከፈላል፤ የሚከፈለው ለማያውቀው ሰው ነው እንጂ።

የዚህን ሐሳብ ድካም አልሸሽግም። ሰኞና ማክሰኞ እዚህ፣ ረቡዕና ሐሙስ እዚያ የሚውል መምህር ማን ነው የሚመዝነው? መለስተኛ ከነበረበት ወደ መምህር፣ ከመምህርነት ወደ ከፍተኛ መምህርነት በሚወጣበት የደረጃ እድገት መሰላል ላይ የማን ርእሰ መምህር ፊርማ ይጸናለት? በገጠርም በአንዱና በሁለተኛው ትምህርት ቤት መካከል ወንዝ አለ፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ርእሰ መምህራንም «የእኔ» የሚሉትን ሰው ይወዳሉ፤ ለስብሰባም ለጥበቃም ለስፖርት ውድድርም የሚያዙት እርሱን ነውና። እነዚህ ሁሉ ግን በመመሪያ የሚስተካከሉ የአስተዳደር ነገሮች ናቸው። በከተማ፣ ትምህርት ቤቶች አጥር ለአጥር በሚገናኙበት ስፍራ፣ ለመጀመር ምንም የሚያግድ አይታየኝም።

ስለ ዝውውር፣ ስለ ዕጣና ስለ ሩቅ ምደባ ብዙ ልናገር እችል ነበር፤ ጊዜው ስለማይበቃ ግን አንዲት ነገር ብቻ ላንሣ። ገጠር የተመደበ ወጣት መምህር ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፈው ሥራውን ስለ ጠላ አይደለም፤ የሚከራየው ቤት ስለሚያጣና ደመወዙን ለመቀበል ወረዳ ድረስ ሲመላለስ ሳምንቱ ስለሚያልቅበት ነው። ቀበሌው አንዲት ክፍል ሠርቶ በሰጠበት ስፍራ መምህሩ የሚሰነብትበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ይህን ካልሁ ወደ ሁለተኛው ክፍል እሻገራለሁ።

ትምህርት ቤት በመምህር ብቻ አይቆምም። ዘበኛው በር ካልከፈተ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መጸዳጃውን ካላጠበች፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስም ካልጻፈ፣ ዓቃቤ መጻሕፍቱ መደርደሪያውን ካልከፈተ መምህሩ ጠመኔ ይዞ ብቻውን ይቆማል። እነዚህን ሁሉ «ድጋፍ ሰጪ» በሚል አንድ ስም ጠቅልለን ከሠራተኛ ዝርዝር በስተ መጨረሻ እናስቀምጣቸዋለን፤ በጀት ሲጠብም ከመጨረሻ ጀምረን እንቀንሳለን። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ የሚውል ስለ ሆነ፣ ለቀረው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥቂት መትረፉ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው ጥቂቱ ካልበቃ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

የሚሆነው ይህ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ይሰበሰብና «ግቢያችን ያለ ዘበኛ ሊያድር አይችልም» ብሎ ይወስናል፤ ከየወላጁ ጥቂት ብር ይዋጣል፤ ከመንደሩ አንድ አረጋዊ ይመረጣሉ። በማግስቱ ሥራ ይጀምራሉ። አሮጌ ካፖርት፣ ዱላና የእጅ ባትሪ የራሳቸው ነው። ጧት በር ይከፍታሉ፤ የመኪና ጎማ ቸርኬ በብረት መትተው ደወል ይደውላሉ፤ አርፋጅ ልጅ ሲመጣ ይቈጣሉ፣ ቈይተውም ያስገባሉ፤ ችግኝ ያጠጣሉ፤ የተሰበረ ዴስክ ይመታሉ፤ ማታ ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው ያድራሉ። ልጆቹ «አባባ» ይሏቸዋል። ደመወዛቸው መዋጮው በደረሰበት ወር ይከፈላል፤ ባልደረሰበት ወር «ታገሡን» ይባላሉ። የፈረሙት ውል የለም፤ ጡረታ የለም፤ ቢታመሙ ፈቃድ የለም። ሌሊት ሌባ ገብቶ ኮምፒዩተር የወሰደ ዕለት ግን ተጠያቂ እርሳቸው መሆናቸውን ማንም አይጠራጠርም።

እኚህ ሰው የማን ሠራተኛ ናቸው? የመንግሥት ሠራተኛ እንዳይባሉ መደብ የላቸውም፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ እንዳይባሉ ቀጣሪው ድርጅት አይደለም፤ ኅብረቱም ስሙ እንጂ የአሠሪ መዝገብ የለውም። በሥራ አጥ ቍጥር ውስጥ አይገቡም፤ በሠራተኛ ቍጥርም አይገቡም። ስለ ሥራ ዕድል ሲነገር «ትምህርት ቤቱ ለአካባቢው ነዋሪ ሥራ ፈጠረ» ተብሎ በሪፖርት ሲጻፍ ግን ከተቈጠሩት አንዱ ይሆናሉ።

አበው በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ ብል አታድንቁብኝ። በቀድሞው ዘመን አንድ ደብር ሲተከል መሬት የሚመደበው ለቄሱና ለመሪጌታው ብቻ አልነበረም፤ ገበዙም፣ ዲያቆኑም፣ ሌላው አገልጋይም እንደየማዕረጉ ድርሻ ነበረው፤ ሰሞን ይባል በነበረው መሬት የሚጠቀም ሰው አገልግሎቱን በተወ ጊዜ መሬቱን ይለቅ ነበር። የአገልግሎቱ ስም ሲጠራ ሲሳዩም አብሮ ይጠራ ነበር ማለት ነው። ይህን ስል ሥርዓቱ ይመለስ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ መሬት ላይ ያርስና ይገብር የነበረውን ገበሬ ማንም እንዳልጠየቀው እናውቃለን፤ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅም ነገሩን ዘግቶታል። የምለው፣ አገልግሎትን ሰይሞ ሲሳዩን መንሣት የአባቶቻችን ልማድ አልነበረም ነው።

ስለ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ እኔ በበኩሌ በትምህርት ቤት ካሉት መደቦች ሁሉ ከክብሩ በታች የተቀመጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የተማሪዎች ውጤት የሰፈረበት ሮስተር ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ አንዳንዱ በዝናብ ረጥቦ ቀለሙ ፈስሷል። ከብዙ ዘመን በፊት የተማረ ሰው ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ ትምህርቱን ሊቀጥል ወይም ሥራ ሊቀጠር ሲል ትራንስክሪፕት ይጠየቃል፤ ዘመድ ወክሎ ይልካል፤ ዘመዱም መጥቶ «ጋሼ፣ እባክዎ ይፈልጉልኝ» ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን ይጠራርጉና የትምህርት ዘመኑን ይጠይቃሉ፤ «ፈረቃው የጧት ነው የከሰዓት?» ይላሉ፤ ምድቡን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ መሰላል ላይ ይወጣሉ። ያ ሮስተር ከተገኘ ያ ሰው የተማረ ነው፤ ከጠፋ የተማረበት ዘመን ሁሉ በማስረጃ ፊት የለም። ይህን ያህል የሰው ዕድል የተሸከመ መደብ በዝቅተኛ ደረጃ ተመድቦ፣ ሥልጠና ሳይሰጠው፣ ኮምፒዩተሩም «ለርእሰ መምህሩ ይሻላል» ተብሎ ሲወሰድበት አያለሁ። የመዛግብት አያያዝ ትምህርት የተማሩ ወጣቶች ሥራ ፈልገው ይዞራሉ፤ ሮስተሮቹም ይበሰብሳሉ። ሥራና መደብ እንዲህ ጎን ለጎን ሆነው ሳይተያዩ የሚኖሩበትን ስፍራ የሚሻ ወደ መዝገብ ቤት ይሂድ።

ቤተ መጻሕፍቱንማ ታውቁታላችሁ። ወይ ቁልፉ በምክትል ርእሰ መምህሩ ኪስ ይውላል፣ ወይ ደግሞ በጤና ምክንያት ከማስተማር የተነሣ መምህር እንዲያርፍበት ይሰጣል። ለታመመው ማሰብ መልካም ምግባር ነው፤ ቤተ መጻሕፍትን የሕሙማን ማረፊያ ማድረግ ግን መጻሕፍቱንም ሕሙማኑንም አይጠቅምም።

ከዚህ ሁሉ መካከል በቅርብ ዓመታት ተስፋ የሰጠኝ አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ መመገብ ሲጀምር፣ በሺህ የሚቈጠሩ እናቶች የትምህርት ቤት ሠራተኞች ሆኑ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው፣ ነጠላቸውን በሻርፕ ለውጠው፣ ምድጃ አቀጣጥለው፣ ልጆቹ ከሰልፍ በፊት ሻይና ዳቦ ወይም ፍርፍር እንዲደርሳቸው ያደርጋሉ፤ ረቡዕና ዓርብ የጾሙን፣ በሌላው ቀን የፍስኩን እየለዩ ይሠራሉ። ቀድሞ በባዶ ሆዱ ገብቶ በ3 ሰዓት ዴስክ ላይ ያንቀላፋ የነበረ ልጅ ዛሬ ነቅቶ ይማራል፤ ይህን መምህራን ሁሉ ይመሰክራሉ። በሙያቸው በቤታቸው ብቻ ይታወቁ የነበሩ ሴቶች ሙያቸው በአደባባይ ዋጋ አገኘ።

ነገር ግን እዚህም መጠየቅ ይገባል። እናቶቹ የሚሠሩት በማኅበር ተደራጅተው፣ ሒሳቡም በተመጋቢው ልጅ ቍጥር እየታሰበ ከሆነ፣ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ በወጣ ጊዜ ጭማሪው ከየት ይመጣል? ወይ ከልጁ ሳህን ይቀነሳል፣ ወይ ከእናቲቱ ድካም ዋጋ ይቀነሳል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምትስ እነርሱ ምን ይበላሉ? የማኅበር አሠራር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ የትርፍና የኪሳራ ባለቤት የሚያደርግ አሠራር ዋጋን የመወሰን ሥልጣን አብሮ ካልሰጠ፣ ስሙ ማኅበር ሆኖ ነገሩ ያለ ውል ቅጥር እንዳይሆን እሠጋለሁ።

ሦስተኛው ክፍል የግል ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ነው፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በከተሞቻችን ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ የተከፈቱት የግል ትምህርት ቤቶች ብዙ ሰው ቀጥረዋል፤ ምሩቅ ሁሉ ልምድ የሚያገኘው፣ ያንን «0 ዓመት» ወደ አንድና ሁለት የሚለውጠው በእነርሱ ዘንድ ነው፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። በነዚሁ ትምህርት ቤቶች የሠራተኛው ጉዳይ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ለጡረታም በራሱ ሕግ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይዋጣል። ብዙ ወጣት መምህር የመጀመሪያዋን ሰባት ያውቃታል፣ ከደመወዙ ስትቈረጥ ያያታልና፤ አሥራ አንዷ መግባት አለመግባቷን ግን ሄዶ አይጠይቅም።

ብዙ ቅሬታ የሚሰማው ከመስከረም እስከ ሰኔ በሚል ውል ላይ ነው። መምህሩ ለ10 ወር ይፈርማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ያለ ደመወዝ ያልፋሉ፤ በመስከረም እንደ አዲስ ይቀጠራል። በሕጉ መሠረት ማናቸውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቈጠራል፤ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው በአንቀጽ ተለይተው በተዘረዘሩት ዓይነት ሥራዎች ነው፤ ከእነዚያም አንዱ በዓመቱ በተወሰነ ወቅት እየተደጋገመ የሚሠራ ወቅታዊ ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ባለቤቶች በዚህ ይሟገታሉ፤ ክረምት ክፍያ አንሰበስብም፣ ሥራችን ወቅታዊ ነው ይላሉ። የእነርሱም ችግር ሐሰት አይደለም፤ የቤት ኪራይ ግን በክረምትም ይከፍላሉ፣ አከራዩን «ሥራችን ወቅታዊ ነው» ሲሉት አልተሰማም። እኔ እንደሚመስለኝ ማስተማር እንደ ቡና ለቀማ ያለ የወቅት ሥራ አይደለም፤ ያው መምህር ያንኑ ክፍል ዓመት በዓመት የሚያስተምር ከሆነ ክረምቱ የዕረፍቱና የዝግጅቱ ጊዜ ነው። ደመወዙን በ12 ወር አካፍለው የሚከፍሉ ትምህርት ቤቶች መኖራቸው ነገሩ የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

በአጸደ ሕፃናት ስለሚሠሩት ሞግዚቶችም ሳልናገር ብወርድ ይጸጽተኛል። ሕፃኑ በመጀመሪያው ሳምንት እናቱን እየጠራ ሲያለቅስ የምታባብለው፣ ልብሱን የምትለውጠው፣ ማንኪያ እንዲይዝ የምታስተምረው እርስዋ ናት፤ በሠራተኛ ዝርዝር ላይ ግን ከጽዳት ጋራ ተደምራ ትገኛለች። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የ2 ዓመት ትምህርት አድርጎ ስለ ደነገገ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ይህ ሥራ እየሰፋ ይሄዳል፤ አጭር ሥልጠናና የራሱ ደረጃ ያለው መደብ ከአሁኑ ካልተዘጋጀለት፣ ዘበኛው አባባ በወደቁበት በዚያው ክፍተት ውስጥ ብዙ ወጣት ሴቶች ይወድቃሉ።

ወደ ተግባሩ ልመለስና ልፈጽም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርት ቤት መስከረም ይከፈታል። ርእሰ መምህሩ «የሥዕል መምህር የለኝም፣ ዘበኛዬ ደመወዝ የለውም» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፈው ልጆቹ ከገቡ በኋላ ከሆነ የሚጽፈው ለተዘጋ መዝገብ ነው። የወላጅ ኅብረት አባላት የሆናችሁ ሁሉ በየዓመቱ በመጋቢት ወር ውስጥ አንድ ስብሰባ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ብትጠሩ፣ በግቢያችሁ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ከሚሠራው ሰው ስም ጋራ በአንድ ገጽ ብትጽፉ፣ መደብ ያለውንና የሌለውን ብትለዩ፣ ገጹንም ከጉድኝታችሁ ትምህርት ቤቶች ገጽ ጋራ አያይዛችሁ ለወረዳው በሚያዝያ ብታቀርቡ፣ ቢያንስ ጥያቄው በጊዜው ይደርሳል። ሥራ ፈላጊ የሆናችሁትም በሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ አትጠብቁ፤ በሰፈራችሁ ያለው ትምህርት ቤት ያንን ገጽ ሲያዘጋጅ አብራችሁ ቍጠሩ፣ ሙያችሁ ከየትኛው ክፍተት ጋራ እንደሚገጥም ከማንም ቀድማችሁ ታውቃላችሁና።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቼዋለሁ። በዚህ አዳራሽ በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ካለ እጁን አስቀድሞ ቢያነሣ ደስ ይለኛል።